የፎርሙላ ዋን መኪና በሙከራ ቀናት እንዴት ይመዘናል? ከሰዓት ሠንጠረዡ በፊት ኩርባውን እዩ

ጥምቀት አልፎ የካቲት ሲገባ ጎንደር ውስጥ የመኪና ውድድሩን ፎርሙላ ዋን የምንከታተል ሰዎች አንድ ዓይነት ክርክር እንጀምራለን፤ ቡድኖቹ ከውድድሩ ዓመት በፊት አዲስ መኪናቸውን የሚፈትኑበት ጊዜ ነው። ፒያሳ ቡና ላይ አንዱ ስልኩን ያወጣና የዕለቱን የሰዓት ሠንጠረዥ፣ የእያንዳንዱን መኪና ፈጣን ዙር፣ ያሳያል። «በቃ፣ ዘንድሮ የፌራሪ ነው!» ይላል። ሌላው «ገና ሙከራ ነው እኮ፣ ምንም አይታወቅም» ይላል። ወሬው እዚያው ይቆማል። ሁለቱም ግን መኪናውን አላዩትም። በሙከራ ቀናት ስለ መኪናው ብዙ የሚናገረው ሰዓቱ ሳይሆን ኩርባ ላይ የሚያሳየው ጠባይ ነው፤ ይህን ጠባይ ማንበብ ደግሞ መሐንዲስ መሆን አይጠይቅም፣ ከስልክ ላይም ይለመዳል። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ሰዓትና ኩርባ አስቀድማችሁ ምረጡ

ከ2021 ወዲህ ዋናው ሙከራ የሚካሄደው ባህሬን፣ ሳኪር ላይ ነው። ይህ ለእኛ ተመችቶናል፤ የባህሬን ሰዓት ከኛ ሰዓት ጋር አንድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መኪኖቹ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይወጣሉ፣ 8 ሰዓት ላይ ለምሳ ይቆማሉ፣ ከ9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይቀጥላሉ። እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ መኪና ብቻ ነው፤ ሁለቱ ነጂዎች ይፈራረቁበታል።

ቀኑን ሙሉ ማየት አይቻልም። ሥራ አለ፣ ዳታ ውድ ነው፣ ኔትወርክም ሲያሻው ይጠፋል። ዲኤስቲቪ ያለው ሰው አጠገባችሁ ካለ ጥሩ፤ ከሌለም ፎርሙላ ዋን በየቀኑ የሚለቃቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። ብቻ ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። የባህሬን መንገድ 5.412 ኪሎ ሜትር ሲሆን 15 ኩርባዎች አሉት፤ ከነዚህ ሦስት ብቻ ያዙ።

የመጀመሪያው 10ኛው ኩርባ ነው። ወደ ግራ የሚጠመዘዝ ቀርፋፋ ኩርባ ነው፤ ነጂው ፍሬን እየያዘ መሪውን ማዞር አለበት። ሁለተኛው 5፣ 6 እና 7 ተያይዘው የሚመጡበት ፈጣን ቦታ ነው፤ መኪናው ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ይላል። ሦስተኛው የ8ኛው ኩርባ መውጫ ነው፤ እዚያ መኪናው ቆም ከማለት በማይሻል ፍጥነት ተነስቶ ኃይሉን አስፋልቱ ላይ ማሳረፍ ይጠበቅበታል። ሙከራው ባርሴሎና ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ 3ኛውን ኩርባ እዩ። ረጅም፣ ፈጣን፣ ወደ ቀኝ የሚዞር ነው፤ መኪናው ለብዙ ሰከንዶች ተጭኖ ስለሚቆይ ምንም መደበቅ አይችልም።

2. ዓይናችሁን እዚሁ አለማምዱ

ፒያሳ አካባቢ ከእግረኛ መንገዱ ላይ ሆናችሁ ሚኒባስ አደባባይ ሲዞር ተመልከቱ። ፍሬን ሲይዝ አፍንጫው ዝቅ ይላል። ሲታጠፍ ሰውነቱ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ክብደቱ በውጭኛው ጎማ ላይ ያርፋል። ነዳጅ ሲሰጠው ኋላው ቁጭ ይላል። ወደ አዘዞ የሚወርደው መንገድ ላይ የተጫነና ባዶ የሆነ መኪና ስታነጻጽሩ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የፎርሙላ ዋን መኪናም ይህንኑ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ሞላው በጣም ደረቅ ስለሆነ እንቅስቃሴው በሚሊ ሜትር የሚለካ መሆኑ ነው። ክብደቱ ወዴት እንደሄደ ማየት የለመደ ዓይን ስክሪን ላይም ያየዋል።

3. መኪናውን ሳይሆን መጀመሪያ እጁን ተመልከቱ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ።

ከነጂው ራስ በላይ ያለውን ካሜራ ክፈቱና እጁን ብቻ ተከታተሉ። ጥሩ መኪና ላይ ነጂው መሪውን አንዴ ያዞራል፣ ይይዘዋል፣ ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል። በቃ። በአንድ ኩርባ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ የሚያስተካክል ከሆነ መኪናው ያላለቀ ነገር አለበት።

ፊቱ እምቢ ሲል፣ ማለትም አንደርስቲር ሲኖር፣ ነጂው መሪውን አዙሮ መኪናው ግን ወደ ውጭ መሄዱን ይቀጥላል። የኩርባውን የውስጥ ጠርዝ ይስታል። መሪውን ሁለተኛ ጊዜ ይጨምራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይጠብቃል፤ ነዳጅ ለመስጠት ፊቱ እስኪይዝለት ይጠብቃል። ይህን በጆሮም መስማት ትችላላችሁ። ሁለት መኪና በተመሳሳይ ኩርባ አዳምጡ፤ የአንዱ ሞተር ቀድሞ ድምፁን ያነሳል፣ የሌላው ዘግይቶ። የዘገየው ነጂ ፈርቶ አይደለም፣ መኪናው አልፈቀደለትም።

ኋላው ሲያመልጥ፣ ኦቨርስቲር ሲኖር፣ እጁ ድንገት በተቃራኒው ይመታል። የሞተሩ ድምፅ ይቆራረጣል፣ ምክንያቱም እግሩን ያነሳል፣ መልሶ ይጭናል፣ እንደገና ያነሳል። ቪዲዮ ላይ ይህ ያምራል፤ ሰውም «አቤት መንዳት!» ይላል። ለጎማው ግን መርዝ ነው። የተንሸራተተ የኋላ ጎማ ይግላል፤ የጋለ ጎማ ይበልጥ ይንሸራተታል።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። ፊቱ ሁልጊዜ፣ በሁሉም ኩርባ፣ በመጠኑ እምቢ የሚል መኪና መጥፎ መኪና አይደለም። መካኒኮቹ የፊት ክንፉን ማዕዘን ትንሽ ከፍ ያደርጉታል፣ ይስተካከላል። የሚያስፈራው መኪናው በአንድ ኩርባ ውስጥ ሁለት ጠባይ ሲያሳይ ነው፤ ሲገባ ኋላው ይወረወራል፣ መሐል ላይ ፊቱ ይደነዝዛል፣ ሲወጣ ኋላው እንደገና ያመልጣል። እዚህ ላይ አንዱን ለማከም የሚደረገው ነገር ሌላውን ያባብሰዋል። ለመግቢያው ብለው የፊቱን ክንፍ ቢቀንሱ መሐሉ ይብሳል፤ ለመሐሉ ብለው ቢጨምሩ መግቢያው አደገኛ ይሆናል። እንዲህ ያለ መኪና ካያችሁ፣ የዕለቱ ፈጣን ሰዓት የእሱ ቢሆንም እንኳ፣ ማስታወሻችሁ ላይ ቀይ ምልክት አድርጉበት።

10ኛው ኩርባ ላይ ደግሞ የውስጠኛው የፊት ጎማ፣ የግራው፣ ክብደት ተነስቶለት ቀላል ስለሚሆን ቶሎ ይቆለፋል፤ ጭስ ታያላችሁ። አንድ ጊዜ ማየት ምንም አይነግራችሁም፣ እዚያ የማይቆልፍ የለም። ያው መኪና ጠዋትም ማታም፣ በሁለቱም ነጂዎች እጅ፣ ደጋግሞ ከቆለፈ ግን ጉዳዩ የመኪናው ነው።

4. ቀርፋፋውን ከፈጣኑ ለዩ

መኪናውን መሬት ላይ የሚያጣብቀው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጎማውና ሞላው፣ ሌላው አየሩ። አየሩ ወደ ታች የሚጫንበት ኃይል፣ ዳውንፎርስ የሚሉት፣ ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጭነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 8ኛውና 10ኛው ኩርባ ላይ ክንፍና ወለል ብዙ አያግዙም፤ እዚያ የምታዩት በአብዛኛው የሞላውን፣ የአሞርዛተሩንና የጎማውን ሥራ ነው። ከ5 እስከ 7 ባለው ላይ ግን አየሩ ነው የሚናገረው።

መኪናው ቀርፋፋው ላይ እየታገለ ፈጣኑ ላይ ከተረጋጋ ተስፋ አለው፤ የሞላ አሠራር በሳምንታት ውስጥ ሊስተካከል ይችላል። ተቃራኒው ከሆነ ከባድ ነው። ፈጣን ኩርባ ላይ የሚደነግጥ መኪና የአየር ንድፉ ጎድሎበታል ማለት ነው፤ ያን ለማረም ደግሞ ነፋስ ዋሻ፣ የመኪናው ትንሽ ሞዴል በነፋስ የሚፈተንበት ክፍል፣ ውስጥ ሰዓት ያስፈልጋል። ያ ሰዓት በሕግ የተገደበ ነው፤ ሞዴሉ ከ60 በመቶ መጠን አይበልጥም፣ የነፋሱ ፍጥነት በሰከንድ ከ50 ሜትር አያልፍም፣ ባለፈው ውድድር ዓመት አንደኛ የወጣ ቡድንም ከሁሉ ያነሰ ሰዓት ነው የሚሰጠው።

5. ከመፍረዳችሁ በፊት ነፋሱን ጠይቁ

ሳኪር በረሃ ነው፤ ይነፍሳል፣ አሸዋም ያመጣል። ጠዋት ላይ አስፋልቱ አቧራ ስለሆነ ሁሉም ይንሸራተታል፤ በመጀመሪያው ሰዓት ባያችሁት ማንንም አትኮንኑ።

ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስሉት። መኪናው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየሄደ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ከኋላው ቢመጣ፣ ክንፉ የሚያገኘው አየር የ170 ብቻ ነው። ጭነቱ በካሬ ስለሚቀንስ ከአራተኛ እጅ በላይ ዳውንፎርስ ይጠፋል። የነጂው ጥፋት የመሰለን መንሸራተት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ስለዚህ የባህሬንን የአየር ሁኔታ ስልካችሁ ላይ ክፈቱ፣ የነፋሱን አቅጣጫ ጻፉ፣ ሁለት መኪናዎችን ስታነጻጽሩ በተቀራረበ ሰዓት ያለፉትን ብቻ አነጻጽሩ።

የአየሩ ጥግግትም እንዲሁ ነው። ባህሬን በባሕር ጠለል አጠገብ ናት። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፤ እዚህ ያለው አየር ከዚያ በአምስተኛ እጅ ገደማ የሳሳ ነው። ከኛ ከፍታ ጋር የሚቀራረብ የውድድር ቦታ ሜክሲኮ ሲቲ ነው። እዚያ ቡድኖቹ ትልቁን ክንፋቸውን ይገጥማሉ፤ ግን የሚያገኙት ጭነት በጣሊያኑ ፈጣን መንገድ ሞንዛ ላይ በትንሽ ክንፍ ከሚያገኙት ብዙም አይርቅም። ሞተሩና ፍሬኑም ቶሎ ይግላሉ። ስለዚህ ባህሬን ላይ በጠባብ ማቀዝቀዣ ቀዳዳ የሚሮጥ መኪና ስታዩ መውደድ ትችላላችሁ፤ ሜክሲኮ ላይ ግን ያው መኪና ሰውነቱን መክፈት ይኖርበታል።

6. ቀለሙንና ሽቦውን አንብቡ

መኪናው ላይ አረንጓዴ ወይም ቢጫ የፈሰሰ ነገር ስታዩ አደጋ አይደለም። ከቀላል ዘይት ጋር የተለወሰ የሚያበራ ዱቄት ነው። አየሩ እየገፋ መስመር ያሰምረዋል። መስመሩ ቀጥ ብሎ፣ ቀጭን ሆኖ፣ እስከ ክንፉ ጫፍ ከሄደ አየሩ አካሉን ይዞታል። መሐል ላይ ከተጠራቀመ፣ ወደ ጎን ከፈሰሰ ወይም ወደ ኋላ ከተመለሰ አየሩ እዚያ ከአካሉ ተለያይቷል። ጎሚስታ የጎማውን መበላት አይቶ የመኪናውን በሽታ እንደሚናገር ሁሉ፣ ይህን ቀለም የሚያነብ ሰው መኪናው የት እንደታመመ ያውቃል። ፎቶውን አስቀምጡት፤ በማግስቱ እዚያው ቦታ እንደገና ከቀቡት ችግሩን ገና አላገኙትም።

ከጎማው ኋላ የሚገጠመው ትልቅ የሽቦ አጥር ደግሞ በትንንሽ ቱቦዎች የአየሩን ግፊት ይለካል። ያን ተሸክሞ የሚሄድ መኪና በተወሰነ ቋሚ ፍጥነት ነው የሚነዳው፤ የዚያን ዙር ሰዓት ጣሉት።

ወለሉን ለማየት ሰነፍ አትሁኑ። በ2022 አዲሱ ሕግ ሲመጣ መኪኖቹ ቀጥታው መንገድ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች መዝለል ጀመሩ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በወለሉ ሥር የሚያልፈው አየር መኪናውን ወደ አስፋልቱ ይስበዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ይበልጥ ዝቅ ይላል። በጣም ሲቀርብ የአየሩ መተላለፊያ ይታነቃል፣ መሳቡ ይቋረጣል፣ መኪናው ይነሳል። ሲነሳ አየሩ እንደገና ያልፋል፣ እንደገና ይሳባል። የመርሴዲስ መኪና ጎኑን እጅግ አጥብቦ ባህሬን ሲመጣ ዓለም ሁሉ ስለ ጠባቡ ጎን አወራ፤ ቀጥታው መንገድ ላይ የነጂውን ራስ መንቀጥቀጥ ያየ ሰው ግን ዓመቱ ከባድ እንደሚሆንባቸው ገብቶታል። ለስምንት ተከታታይ ዓመታት የቡድኖች ሻምፒዮን የነበረው መርሴዲስ በዚያ ዓመት ያሸነፈው አንድ ውድድር ብቻ ነው። ለ2023 የወለሉ ጠርዝ በ15 ሚሊ ሜትር ከፍ እንዲል ሕጉ ተቀየረ።

እጅን መከታተል እዚህም ይጠቅማል። በ2020 ባርሴሎና ላይ የመርሴዲሱ ነጂ ሃሚልተን ቀጥታው መንገድ ላይ መሪውን ወደ ደረቱ ሲስብ በካሜራ ታየ። የፊት ጎማዎቹን አቅጣጫ እየሄደ የሚያስተካክል መሣሪያ ነበር። ለ2021 ታገደ።

7. ሰዓቱን በመጨረሻ፣ በማስታወሻ ደብተር

በታንከሩ ውስጥ ስንት ነዳጅ እንዳለ ቡድኑ አይነግራችሁም። 10 ኪሎ ነዳጅ በአንድ ዙር 0.3 ሰከንድ ገደማ ያስከፍላል። 60 ኪሎ የጫነና 10 ኪሎ የጫነ መኪና መካከል በዚህ ብቻ 1.5 ሰከንድ ልዩነት ይመጣል። ጎማውንም ጨምሩበት፤ ነጭ ጠንካራ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ቀይ ለስላሳ ነው። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ አስፋልቱ ይቀዘቅዝና ሁሉም ይፈጥናል። የቀትር ሰዓትን ከምሽቱ ጋር አታወዳድሩ።

የሚጠቅመው ረጅሙ ጉዞ ነው። አንድ መኪና 15 እና ከዚያ በላይ ዙር ሳይቆም ሲሄድ እያንዳንዱን ዙር ጻፉ። እስከ 2025 በነበረው ሕግ ለውድድር የሚፈቀደው 110 ኪሎ ነዳጅ ነበር፤ የባህሬን ውድድር 57 ዙር ነው። በዙር 2 ኪሎ ገደማ ይቃጠላል፤ መኪናው ከመቅለሉ ብቻ በየዙሩ 0.06 ሰከንድ ያህል መፍጠን አለበት ማለት ነው። ሰዓቱ ሳይቀየር ከቀጠለ ጎማው በዙር 0.06 እየጎዳ ነው። በየዙሩ 0.1 እየዘገየ ከሄደ የጎማው ጉዳት 0.16 ደርሷል። ይህን ስሌት ኋላው ያመልጣል ካላችሁት መኪና ጋር አገናኙት፤ ዓይናችሁ ያየውን ቁጥሩ ያረጋግጠዋል፣ ወይም ይክደዋል።

በ2019 ባርሴሎና ላይ የቬተል ፌራሪ ከሃሚልተን መርሴዲስ በ0.003 ሰከንድ ቀድሞ ሙከራውን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። በዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር፣ ሜልበርን ላይ፣ የመርሴዲሱ ቦታስ አሸነፈ፤ ቬተል ወደ አንድ ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ 4ኛ ሆነ። መርሴዲስ ለሁለተኛው የሙከራ ሳምንት በጣም የተለወጠ መኪና አምጥቶ ነበር፤ ያን ለውጥ የተከታተለ ሰው አልደነገጠም። ሠንጠረዡ ሁልጊዜ ይዋሻል ማለትም አይደለም። በ2009 ሆንዳ የተወውን ቡድን የወረሰው ብራውን ዘግይቶ መጥቶ ባርሴሎና ላይ ሁሉንም ሲቀድም ብዙዎች አላመኑም ነበር። ኋላው ያለው ባለ ሁለት ፎቅ ዲፊዩዘር፣ ከወለሉ ሥር የሚመጣው አየር የሚወጣበት ክፍል፣ ግን በዓይን የሚታይ ምክንያት ነበር። ሜልበርን ላይ አንደኛና ሁለተኛ ወጡ፣ ዓመቱንም ነጂያቸው በተን ሻምፒዮን ሆኖ ጨረሰው።

የዙር ብዛትን በሁለተኛ ደረጃ ያዙት። የሬድ ቡል ቡድን በ2014 ስፔን፣ ኼሬዝ ላይ በአራት ቀን 21 ዙር ብቻ ነው የሄደው፤ ያም ሆኖ በዓመቱ ሦስት ውድድር አሸንፏል። ጋራዥ ውስጥ የቆመ መኪና የሞተር ችግር እንጂ የአየር ንድፍ ችግር ላይኖርበት ይችላል።

8. ከ2026 ወዲህ የሚጨመር ነገር

አዲሶቹ መኪኖች አጠር፣ ጠበብና ቀለል ያሉ ናቸው፤ ትንሹ ክብደት 768 ኪሎ ነው። የፊትም የኋላም ክንፋቸው ቀጥታው መንገድ ላይ ይተኛል፣ ከኩርባ በፊት ይነሳል። ከኃይላቸው ግማሽ ገደማ ከባትሪ ነው። ስለዚህ ቀጥታው ላይ የሚታየው ከፍተኛ ፍጥነት እንደ ድሮው ስለ አየር ተቃውሞ ብዙ አይነግርም፤ ባትሪው የት ጥቅም ላይ እንደዋለ ነው የሚያሳየው። በዚያ ፋንታ ክንፉ የሚነሳበትን ቅጽበት እዩ። ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወዲያው ይረጋጋል ወይስ ኋላው ለአፍታ ይዋልላል? የሚዋልል ከሆነ ነጂው ፍሬን ቀድሞ መያዝ ይጀምራል፤ እሱን የ1ኛው ኩርባ የርቀት ሰሌዳዎች ላይ ማየት ትችላላችሁ።

9. ፍርዳችሁን ጻፉ

ለእያንዳንዱ መኪና አራት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ቀርፋፋ ኩርባ፣ ፈጣን ኩርባ፣ ጎማ፣ እና «ሁለት ጠባይ አለው ወይስ የለውም»። አጠገቡ ሰዓቱን፣ ነፋሱንና ማን ይነዳ እንደነበር አስቀምጡ። ፒያሳ ክርክር ሲነሳ ደብተሩን አውጡ፤ «10ኛው ኩርባ ላይ ምን አየህ ወንድሜ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ የመጀመሪያው ውድድር ማጣሪያ ሲደርስ ዝርዝሩን ከውጤቱ ጋር አስተያዩና የሳታችሁት በየትኛው ዓይነት ኩርባ እንደሆነ ምልክት አድርጉ፤ የሚቀጥለው የካቲት ላይ መጀመሪያ የምትከፍቱት ያን ኩርባ ነው።